የታፔላው ጀርባ

ሰፈሩ «ጉልህ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ ታፔላ ጻፊ ነውና ፊደሎቹ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው ሁሉ ጎልተው ይታያሉ። ምላሱ ግን ብሩሹን አልመሰለም። ብሩሽ ሲጨብጥ የሚደፍረውን ነገር አፉን ሲከፍት ይፈራዋል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የሆነ ቀለም አይጠፋም፤ ማታ ሲተኛ እንኳ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ፊደል ይጽፋሉ።

ዓመቱ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ራሱን በሚወድበት በዚያ የመጀመሪያ ማለዳ፣ ሱቁ ጥግ ከተደገፉት ሰማያዊ ቆርቆሮዎች አንዱን ሳበና የዓመቱን ሐሳቡን ጻፈበት። ሲጋራ ማቆም። የእማዬን በር መቀባት። ጊታሩን መማር ወይም መሸጥ። አራተኛውን ከመጻፉ በፊት ብሩሹን ሁለት ጊዜ አጠበ። ከዚያም «ለመነጽር ሠሪዋ ልቤን መንገር» አለና ለፊደሎቹ ጥላ ሠራላቸው። ጥላ የሚሠራው ለሚወደው ሥራ ብቻ ነው። ትንሽ ፊደል መጻፍ አያውቅበትምና ቆርቆሮው ጢም ብሎ ሞላ። ማንም እንዳያይበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው፤ ቆርቆሮውም ሐሳቡም እንደዞሩ ስድስት ወር አለፈ።

መነጽር ሠሪዋ መንገዱ መሐል ባለች ጠባብ ሱቅ ትሠራለች። የሰው ዓይን ስትመረምር ትንፋሿን ትይዛለች፤ ያየችው ነገር እንዳይበርር የምትሰጋ ይመስል። የመነጽር መስታወት ስትሞርድ የሚሰማው ድምፅ ለሌላው ሰው ጥርስ የሚያፋጭ ነው፤ ለጉልህ ግን ዜማ ነው።

አንድ ቀን መጥታ «ታፔላ ይሥሩልኝ» አለችው። «በአንድ ፊት ብቻ ይበቃል። ሰው የሚመጣልኝ ከላይ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ነው።»

ጉልህ በደስታ ሰከረ። ጥግ ካሉት ቆርቆሮዎች እጁ የነካውን፣ ከተደገፈበት እንኳ ሳያነሣው፣ እዚያው «መነጽር ቤት» ብሎ ጻፈበት። ሲደርቅ ጎረቤቱ የሆነ በያጅ ተሸክሞ ወሰደው፤ ከሱቋ ግድግዳ ወደ መንገዱ ብቅ ባለ ብረት ላይም በየደው።

በማግስቱ የጉልህ እናት ከታች፣ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ደጃፉ ላይ ዘጭ አደረገችው።

«አንተ ልጅ! የእኔ በር ከሲጋራ ቀጥሎ ነው እንዴ?»

«የምን በር፣ እማዬ?»

«መንገደኛ ሁሉ የሚያነበው በር ነዋ! ያቺ አራተኛዋ ጭራሽ ጥላ ተሠርቶላታል። የእኔ በር ጥላ የለው፣ ቀለም የለው!»

ጉልህ ሮጠ። ከታች በኩል ቆሞ ቀና ሲል፣ የገዛ እጁ ጽሑፍ፣ የገዛ ዓመቱ፣ ከነጥላው አናቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲጋራው ከጣቱ ወደቀ። ያን ማለዳ የጻፈው ሰው እንዴት ያለ ደፋር ነበር! ጉልህ ቀናበት። ያ ሰው የት ሄዶ ነው ዓመቱን ለእኔ ጥሎልኝ የጠፋው? አለ በልቡ።

አንድ ነገር ብቻ አጽናናው። መነጽር ሠሪዋ ከላይ መጥታ ወደ ላይ ነው የምትመለሰው፤ ጀርባውን አላየችውም። ይሁንና ከሱቋ አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ፌርማታው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ታች እንደሚዛወር ይናገራል። ከሰኞ በፊት ካልወረደ አለቀለት። ለዚያ የሚሆን ረጅም መሰላል ያለው ደግሞ በያጁ ዘንድ ብቻ ነው።

«መሰላልህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ታውቀው የለ!»

«አውቃለሁ፤ ስበይደው አንብቤዋለሁ። ሦስቱን ጨርሰህ ና፣ አራተኛውን ራሴ አወርድልሃለሁ።»

«ወንድሜ፣ በእናትህ!»

«የገዛ እናትህ ናት እኮ እንዳትሰጠው ያለችኝ።» በያጁ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደና በውስጡ አንጎራጎረ፦

ከላይ የምትመጪ፣ ከላይ የምትሄጂ፣
ጀርባዬን አንብቢው፣ ፊቴን አትልመጂ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልህ ክብሪት ሲጭር «መስመር አንድ!» የሚል ድምፅ ከሆነ መስኮት ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ክብሪቱንም ጣለው። የእናቱን በር አረንጓዴ ቀባው፤ ዙሪያውንም ጥላ ሠራለት። እናቱ ወንበር አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና እስኪመሽ ድረስ በሩን ስታይ ዋለች። ጊታሩን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ዘፈን ለበያጁ ተጫወተለት። በያጁ ጭንብሉን ሳያወልቅ አዳመጠና «ሙከራህን አይቻለሁ፤ መሰላሉን ልውሰድልህ» አለው።

መነጽር ሠሪዋ ምሳ የምትወጣበትን ሰዓት ጠብቀው ሄዱ። የዚያን ቀን ግን ምሳዋን ሱቋ ውስጥ ነበር የበላችው። ብረት መቁረጫው ሲጮህ እጇን እየጠራረገች ወጣች፤ ታፔላው በዚያው ቅጽበት ተቆርጦ ወረደና በፊቱ ተደፋ። ጀርባው ወደ ሰማይ።

አነበበችው። ገባችና የዓይን መሸፈኛዋን ጥቁር ማንኪያ ይዛ ተመለሰች፤ ታፔላውን ምሰሶው ላይ አስደገፈች።

«ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ» አለችው ማንኪያውን እየሰጠችው። «ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑ። ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ።»

«ሲጋራ… ማቆም።»

«ሆነ?»

«አራት ቀኔ ነው።»

«ቀጥሎ?»

በሩን አነበበ። ጊታሩን አነበበ። በያጁ መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«የመጨረሻው መስመርስ?»

«እሱ… ትንሽ ይደበዝዝብኛል።»

«ጥላ የተሠራለት ፊደል ነው የሚደበዝዝብዎ?»

«ስድስት ወር ወደ ግድግዳ ዞሮ የከረመውን አንብብላት እንጂ!» አለች እናቱ ከመንገዱ ማዶ። «አሁን እንደሆነ በሬን ጨርሰሃል!»

ጉልህ ማንኪያውን ከዓይኑ አነሣ። «ለመነጽር ሠሪዋ ልቤን መንገር» አለ። ታፔላውን አላየም፤ የሚያየው እሷን ነበር። ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ እንደ ፊደሉ ጎልቶ ወጣ።

እሷ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

«ዓይንዎ ጤነኛ ነው» አለች። ከዚያም «እርስዎ»ን እዚያው አስፋልቱ ላይ ጥላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስድስት ወር ሙሉ ግድግዳ ታስነብባለህ?» አለችው።

ጉልህ እንደ ጽሑፉ ከጥግ እስከ ጥግ ፈገግ አለ።

«እሺ» አለ በያጁ ከላይ ሆኖ፣ «እኔ ይህን ቆርቆሮ ምን ላድርገው? ጀርባው ይቀባ?»

«ማን ነክቶት!» አለች መነጽር ሠሪዋ። «እንደነበረ መልሰህ በይደው። ከሰኞ ጀምሮ የምመጣው ከታች ነው።»