ለሯጮች ያከራየሁት የአባቴ ቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰበታ ላይ ሊገዛ ያሰበውን አፓርታማ በስልኩ አሳየኝ። ዕቃ አሟልቶ በቀን ሊያከራየው ነው። «አክስቴ፣ ይሄ ሥራ ያዋጣል አይደል?» አለኝ። ያዋጣል፤ እኔም የኖርኩት በሱ ነው። ግን አንድ የኅዳር ጠዋት ትዝ አለኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ሱሉልታ ያለውን ቤታችንን ለልምምድ ለሚመጡ የውጭ ሯጮች በሳምንት ላከራየው ተነሳሁ። ሁለቱን የወተት ላሞች ሸጬ አልጋ፣ ብርድ ልብስና የውሃ ማሞቂያ ገዛሁ። እናቴ ከጓሮ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባች። አልተቆጣችም፤ ዝም ነው ያለችው። እንቅልፍ የሚነሳኝም ያ ዝምታዋ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተከራይ ኤማ የምትባል ቀጭን ፈረንጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሜዳው ጉም ለብሶ ሳለ፣ ብቻዋን ወደ ባሕር ዛፉ ዳገት ሮጣ ወጣች። ሌላ ቀን አንድ ሰዓት ላይ ተመልሳ ቅንጬዋን ትበላ ነበር። ሁለት ሰዓት ሆነ። ቅንጬው ደረቀ። ብደውልላት ስልኳ እዚያው አልጋዋ ላይ ጮኸ።

ውሻ ነክሷት ይሆን? ገደል ገብታ ይሆን? ከበር እስከ መንገድ እመላለሳለሁ።

«የሰው ልጅ እኮ ናት፤ እናት አላት! ምን ያንቆራጥጥሻል?» አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች።

የታጨደው ሣር በጤዛ ርሶ ጫማዬ ውሃ ሞላ። ስሟን እየጠራሁ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ ሐሳቤ ለዚህ ብዬ በሸጥኳቸው ላሞቼ ላይ ነበር። ይህ ወሬ ከተሰማ ማን ይከራየኛል? እንዲያ በማሰቤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ዳገቱን ልንጨርስ ስንል ከጉሙ ውስጥ «አስ ጅርቲ! እዚህ ናት!» የሚል ድምፅ ሰማን። ሣር ሊያጭዱ የወጡት ጎረቤታችን ኦቦ ለሚ ናቸው። ኤማ በጋቢያቸው ተጠቅልላ ድርቆሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

«እግሯ ዞሮባት ወድቃ አገኘኋት» አሉን። «የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ ኦቦ። እግዜር ይስጥዎት» አለች እናቴ።

እኔ ከጎኗ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኦቦ ለሚ ሣሩን ሊጭኑበት ባመጡት ፈረስ ወደ ቤት አመጣናት። ወጌሻ አያት፣ እናቴም ማታ ማታ እግሯን በቅቤ ታሽላት ጀመር። ለሳምንት የመጣችው ልጅ ወር ሙሉ ከረመች፤ አገሯ ስትገባ ደግሞ ጓደኞቿን ላከችልን። በሁለተኛው ዓመት ላሞቹን መልሼ ገዛሁ፤ ለእናቴም ፀሐይ የሚገባው ሰፊ ክፍል ሠራሁላት።

ለእህቴ ልጅ የሚጠቅመውን ሁሉ ነገርኩት፤ የውሃ ታንከር እንዲያስቀምጥ፣ ክረምት ላይ ዋጋ እንዲቀንስ። ከዚያ «እንግዶቹ ሲመጡ አንተ የት ትሆናለህ?» አልኩት።

«ሥራ ቦታ ነኛ! ቁልፉን ዘበኛው ይሰጣቸዋል» ብሎ ሳቀ።

እንግዳ ቢጠፋ ዘበኛው ፍለጋ ይወጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼም፣ ዛሬም እንግዳ ካረፈደብኝ እህል አይወርድልኝም።