ያልደረሰኝ የሳጥን ተራ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ የናፍጣ ጭስ ሸተተኝ። ሌሊቱን ስስ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንድ ወጣት በትንሽ ትራክተር ጨው እየበተነ ይሄዳል። ናፍጣ በብርድ ሲሸት በሙቀት እንደሚሸተው አይደለም። ሹል ይሆናል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ከእርጥብ ጆንያ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ እጅጌዬን ትጎትታለች። «አያቴ፣ ሌት ልንሆን ነው እኮ፣ ረፈደ» ትላለች። እኔ ግን የማየው ትራክተሩን አልነበረም፤ ከኋላው የተቀመጠ ሰው ይኖር እንደሆነ ነበር የማየው። ማንም አልነበረም። ደስ አለኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሎንደን መጥተን ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር ካሉት የካውንስል፣ ማለት የማዘጋጃ ቤት፣ ቤቶች ባንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ሂትሮው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ታጸዳለች፤ ስትወጣ ጨለማ ነው፣ ስትመለስም ጨለማ ነው። አባቴ አብሮን አልመጣም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ማሞቂያው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል።

ጋሽ ተፈራ የግቢያችን ሠራተኛ ነበሩ። ሣር ያጭዳሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ይጠግናሉ። አገር ቤት፣ አዋሽ ዳር ባለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ፣ የትልቅ ትራክተር ሾፌር ነበሩ፤ ጎማው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በመሰላል የሚወጡበት። እዚህ የተሰጣቸው ግን ብርቱካንማ ቀለም ያላት ትንሽ ትራክተር ነበረች። ረጅም ሰው ስለነበሩ ሲቀመጡባት ጉልበታቸው ከመሪው በላይ ይወጣል። «ውርንጭላዬ» ይሏታል። ከመሪው ሥር በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለች የባትሪ ራዲዮ ትንጠለጠላለች፤ የምትናገረው ባይሰማም ሳትናገር ውላ አታውቅም። ከትራክተሯ ኋላ ደግሞ ራሳቸው የሠሯት የእንጨት ሳጥን አለች። ከተጣለ አልጋ ርብራብ ነው የሠሯት፤ ጥግ ጥጓን በቆርቆሮ አሥረዋታል። መሣሪያና የአሸዋ ጆንያ ይጭኑባታል።

ከእኛ በር ቀጥሎ ያለው ቤት የሰላማዊት ነበር። እኩያዬ ናት። እሷ አባት አላት። ቤታቸው ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ እናቷ በየሳምንቱ ቁጭ አድርጋ ጸጉሯን ትሠራታለች። ጉንጯም ክንዷም ክብ ነው፤ ያየ ሁሉ «ድንቡሼ» እያለ ጉንጯን ይቆነጥጣታል። እኔን ማንም አይቆነጥጠኝም። የሚቆነጠጥ ነገርም አልነበረኝ። እወዳት ነበር። ግን እየወደዱ መቅናት አለ፤ እንደሱ ያለ ቅናት አያስተኛም።

በዚያ ዊንተር፣ በብርዱ ወቅት፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነቃ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። አውቶቡስ አይሰማም፣ ሕፃን አይሰማም። መጋረጃውን ስገልጥ ግቢው፣ መኪናው፣ የቆሻሻ ገንዳው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቴ ግን ከሥራ አትቀርም፤ ጫማዋ ላይ የላስቲክ ከረጢት አሥራ ወጣች። እኔና ሰላማዊት ወደ ግቢ ሮጥን።

ጋሽ ተፈራ በውርንጭላዋ ፊት በረዶ የሚገፋ ሰፊ ብረት ገጥመው ወጥተዋል። የግቢው አሮጊቶች እንዳይወድቁ ብለው በጠዋቱ ያላቸውን አሸዋ ሁሉ ደረጃው ላይ በትነውት ስለነበር ሳጥኗ ባዶ ናት። ፊቷ ከብዶ ኋላዋ ቀለለ። የመኪና ማቆሚያው ጋ ያለችው ትንሽ ዳገት ላይ ስትደርስ ጎማዎቿ በባዶ መሽከርከር ጀመሩ። ጋሽ ተፈራ ነዳጅ ሲሰጧት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም።

የአገራችን ሰዎች በየባልኮኒው ብቅ ብቅ አሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ የአዋሽ ጥጥ መሰለዎት እንዴ? በጆንያ ይልቀሙት እንጂ» አለ የሰላማዊት አባት፣ አቶ ግርማ። የታክሲ ሾፌር ነበር፤ የራሱ መኪና በረዶ ውስጥ ሰምጣ እሱ ፒጃማውን ለብሶ ይስቃል።

«ወርደህ ግፋ። እላይ ሆኖማ ማንም ጎበዝ ነው» አሉት።

ከዚያ ዞር ሲሉ ሁለታችንን አዩን። ሁለታችንም እኩል ርቀት ላይ ነበርን። ይህን አልረሳም፤ ትከሻ ለትከሻ ነበር የቆምነው።

«ድንቡሼ፣ ነይ እስቲ፣ እዚህች ሳጥን ውስጥ ቁጭ በይ።»

ሰላማዊት ወጥታ ተቀመጠች። ጎማው አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለተኛ ያዘ፣ ውርንጭላዋም በረዶውን እየገፋች ወጣች። ባልኮኒው ሁሉ አጨበጨበ። ሰላማዊት እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ግራና ቀኝ እጇን አወዛወዘች። ለእኔም አወዛወዘች። አልመለስኩላትም።

በእግሬ ከኋላቸው ሄድኩ። ለሷ የሚነግሯትን እኔም እሰማ ነበር፤ በረዶ አይቸኮልም፣ ጥቂት ጥቂቱን ነው የሚገፋው፣ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ዳገት መሃል አይቆምም፣ የማይታይ ጠርዝ ስላለ ብረቱ መሬት አይነካም። እሷ አልሰማችም፤ እጇን እያወዛወዘች ነው። ግቢውን ዞረው ሲጨርሱ ፊታቸው ቆምኩ።

«እኔስ ጋሼ?»

«አንቺማ ላባ ነሽ። ነፋስ ቢወስድሽ ለእናትሽ ምን እላታለሁ?»

«ተራ በተራ ነው እንጂ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት፤ ፊቴን አይተው መሆን አለበት። «እሺ። ተራሽ አይጠፋም» አሉኝ።

ማታ እናቴ ስትመለስ ዳቦውን ጨርሼ ሩዙን ይዣለሁ።

«ምን ገባሽ አንቺ ልጅ?»

«ክብደት ያስፈልገኛል።»

ነገሩን ስነግራት እግሯን ማሞቂያው ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በአገራችን ሰው በዘሩ ሲመረጥ አይቻለሁ፣ በሀብቱ ሲመረጥ አይቻለሁ። በኪሎ ግን አላየሁም» አለች። ለኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። እኩል ቆመን አንዷ ከተጠራች ሌላዋም መጠራት አለባት። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

በነጋታው የእናቴን ረጅም ካፖርት ለበስኩ። እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ሻንጣዋ አልዘጋ ሲላት ልብሷን አውጥታ የነሐስ ሙቀጫዋን ያልተወች ሴት ናት። ያንን ሙቀጫ አንዱ ኪስ ውስጥ፣ ዘነዘናውን ሌላው ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ደረጃውን ስወርድ ካፖርቱ ጭኔን ይመታኛል። ጋሽ ተፈራ ውርንጭላዋን ሲያሞቁ ደረስኩ።

«ዛሬ ከብጃለሁ» አልኳቸው።

በብብቴ ይዘው አነሱኝ። ፊታቸው ተለወጠ። «ሌሊቱን ምን በልተሽ ነው?» አሉ። መልሰው ሲያስቀምጡኝ ሙቀጫው ከሳጥኗ ቆርቆሮ ጋር ተጋጭቶ እንደ ደወል ጮኸ። ኪሴን ከፍተው አዩና መሪው ላይ ተደፍተው ሳቁ፤ ቀይ የሱፍ ኮፍያቸው ከራሳቸው ወደቀ። የሳቁት ክፉ ሳቅ አልነበረም። ግን ያን ጊዜ ሰላማዊት ማንም ሳይጠራት መጥታ ሳጥኗ ላይ ወጣች። እንደ ራሷ ወንበር።

«ዛሬ የአሮጊቶቹ በር ጋ ያለውን ዳገት ነው የምንወጣው፣ እዚያ ያለ ድንቡሼ አይሆንም። ነገ አንቺ ነሽ። ተራሽ አይጠፋም አልኩሽ» አሉኝ። ሙቀጫውን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።

በዚያ ሌሊት አየሩ ተለወጠ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ከመስኮቱ በላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል እሰማለሁ። እናቴ በእንቅልፍ ልቧ «ተመስገን፣ ሊቀልጥ ነው» አለች። እኔ ግን ትራሴን ነከስኩ። የሚቀልጠው የእኔ ተራ ነበር።

ሲነጋ ሳልበላ ወረድኩ። ዘግይቻለሁ። ጋሽ ተፈራ የቀረውን በረዶ ሰው ሳይረግጠው ልግፋው ብለው ማልደው ተነስተዋል፤ ሰላማዊትም ሳጥኗ ውስጥ ናት። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ሲዞሩ በረዶ የሸፈነውን የአበባ መደብ አላዩትም፤ አንዱ የኋላ ጎማ ገባበት። እዚህ ላይ አዋሽ አሳሳታቸው። እዚያ ጭቃ ሲይዝ ነዳጅ አብዝቶ መንጠቅ ነው፤ ትልቁ ትራክተር በጉልበቱ ይወጣል። ውርንጭላዋ ግን ነዳጅ በተሰጣት ቁጥር ራሷን ቀበረች። ሲያቆሙ ጎማው ግማሹ አይታይም።

ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ተፈራ ወርደው ዙሪያዋን አዩ። ከዚያ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የተጣለ ምንጣፍ አምጥተው ቀደዱና ከጎማዎቹ ፊት አነጠፉ። ወንዶቹን ለመግፋት ደረደሩ። ሰላማዊትን «ንቅንቅ እንዳትዪ» አሏት። የቀረው መሪ የሚይዝ ነው። አቶ ግርማ እጁን እየጠረገ ወደ ወንበሩ ሄደ።

«አንተ አይደለህም» አሉት።

«ሾፌር እኮ ነኝ ጋሽ ተፈራ።»

«መኪናህ የት ናት? ሦስተኛ ቀኗ ነው እኮ። እግርህ ከባድ ነው፣ ግፋ።» ዞረው ፈለጉኝ። «ላባ፣ ነይ።»

ወንበሩ ከሳቸው ሙቀት አለው። መሪው ቀዝቃዛ ነው፤ እግሬ ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ነው። አጠገቤ ቆመው ጆሮዬ ሥር ተናገሩኝ። «ሕፃን የተኛበት ቤት እንደምትገቢ አድርገሽ እርገጪ። እኔ ካልኩሽ አታብዢ። ቢጮሁብሽም አታብዢ።» ጮኹብኝ። «ስጪው! ስጪው!» ይላል አቶ ግርማ ከኋላ። አልሰጠሁትም። እሳቸው ብቻ ናቸው የሚሰሙኝ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ፣ ያዢ። ጎማው ምንጣፉን ነከሰ። ከሥሬ አንድ ትልቅ እንስሳ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሁሉ ውርንጭላዋ ተነሳች፤ አስፋልቱ ላይ ወጣንና ቆምኩ። ራዲዮዋ እንግሊዝኛዋን ታወራለች።

«ይኸው፣ ተራሽ ደረሰ» አሉኝ።

«ይሄ የሳጥኑ ተራ አይደለም» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ራሴ ላይ አጠለቁልኝና «እውነትሽን ነው። ያ እዳ አለብኝ፤ በሚቀጥለው በረዶ» አሉ። ሰላማዊትን ስፈልጋት ከሳጥኗ ወርዳ ለማንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ሄዳለች። በርዷት ነው ብዬ አሰብኩ። እስከ ማታ ግቢው ጥቁርና እርጥብ ሆነ።

ሎንደን በበረዶ ቸር አይደለችም። በቀጣዩ ዓመት አልጣለም። በሚቀጥለው ጋሽ ተፈራ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሌላ ሰፈር ወዳለ ግቢ ተዛወሩ። ሲሄዱ ውርንጭላዋ የካውንስል ስለሆነች ቀረች፤ ሳጥኗ ግን የራሳቸው ሥራ ናትና ለሰላማዊት እናት ሰጧት። ሽንኩርት ታስቀምጥባት ጀመር። እነሱ ቤት በሄድኩ ቁጥር ያቺን ሳጥን ከነሽንኩርቷ አያታለሁ። ሰው በሽንኩርት ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ትምህርቴን ትቼ ሥራ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ሳጥኗ እዚያው ናት። ጋሽ ተፈራ ሲያርፉ ከሰላማዊት ጋር ጎን ለጎን ቆመን ቀበርናቸው። ያኔ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሷ አብልጬ እንዳለቅስ ስጠነቀቅ ነበር።

የልጅ ልጄ ክርስትና የተነሣች ቀን ሰዉ ከሄደ በኋላ ከሰላማዊት ጋር ዕቃ ስናጥብ ድንገት ሳህኑን አስቀመጠችው።

«አንቺ ግን ትራክተሩን ነድተሻል» አለችኝ።

«አንቺ ሦስት ቀን ተቀምጠሻል» አልኳት።

«እንደ ጆንያ ነዋ የተቀመጥኩት። አሸዋ ቢኖራቸው ይጠሩኝ ነበር? አንቺን ግን ላባ፣ ነይ አሉሽ። ኮፍያቸውንም ሰጡሽ። ቤት ገብቼ ምን እንዳለቀስኩ እናቴን ብትጠይቂያት ትነግርሻለች።»

አላመንኳትም። ሳህኗን ተቀብዬ ደግሜ አጠብኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኗን በአውቶቡስ ተሸክማ አመጣችልኝ፤ ዊንተር እኔ ዘንድ፣ በጋ እሷ ዘንድ ትሁን ተባባልን። እንደሱ ከሆነ እኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ያ ናፍጣ የሸተተኝ ዕለት፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ከሰዓት መልሼ አምጥቼ፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ ተቀመጥኩ። አሁን ክብደቱ አለኝ። ርብራቡ ሲጢጥ ብሎ ቻለኝ። ሽንኩርት ትሸታለች፤ ከሥር፣ እንጨቱ ውስጥ፣ ናፍጣ አለ። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች ፊቴ ቆማ አየችኝ።

«እኔስ?» አለችኝ።

«ተራሽ አይጠፋም» አልኳት። «ትንሽ ቆዪ።»