የመምሪያ ኃላፊው ታንከር

አቶ ሥዩም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ላይ የፍሳሽ መምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ፍሳሽ ግን አይተው አያውቁም። ጉድጓዱ ያለው መንደር ውስጥ፣ እሳቸው ያሉት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ በመካከል የሚመላለሰው ሪፖርት ብቻ። ሪፖርቱ «ተመጥጧል» ካለ ተመጥጧል። መንደሩ አፍንጫውን ይዞ ከጮኸ፣ መንደሩ የግንዛቤ እጥረት አለበት ማለት ነው። ቢሮክራት እንዲህ ነው፤ ከአፍንጫው ይልቅ ማኅተሙን ያምናል።

ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ውጭ አገር፣ ሬንተን በምትባል ከተማ፣ በእህታቸው ልጅ በባየሽ ጓሮ፣ በመኪና በሚጎተት ትሬለር ውስጥ ነው። ትሬለሩን የገዛው የባየሽ የቀድሞ ባል ነበር፤ ቤተሰቡን ለሽርሽር ሊወስድበት። አንድ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ለብቻው ሽርሽር ወጣና እስካሁን አልተመለሰም። አቶ ሥዩም ታዲያ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «የራሴ መግቢያ ያለው ቤት አለኝ» ይላሉ። ሬንተን ውስጥ መቼም አገር ቤት ኃላፊ ያልነበረ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ያን ሁሉ ኃላፊ ይዛ ያቺ አገር እንዴት ፍሳሽ በፍሳሽ እንደሆነች የሚያስረዳን ተመራማሪ እንጠብቃለን።

የትሬለር ሽንት ቤት ከሥሩ ታንከር አለው። ታንከሩን ይዛ የምታስቀረው መዳፍ የምታህል ተንሸራታች ቫልቭ ናት። በየሁለት ሳምንቱ መምጠጫ መኪና ይመጣል፤ ቫልቯ ትከፈታለች፣ ይመጠጣል፣ ትዘጋለች። የዚህችኛዋ ጎሚኒ፣ ማለት ማሸጊያ ጎማዋ፣ አረጀና ከግንቦት ጀምራ ጠብ፣ ጠብ ማለት ያዘች። አቶ ሥዩም ምን አደረጉ? ፌስታል አሰሩላት። ፌስታሉ ሲሞላ ሌላ ፌስታል ደረቡባት። በገዛ እጃቸው የሠሩት የመጀመሪያው የጥገና ሥራ ይኸው ነው።

«እዚሁ አቅራቢያ ኤቨረት ከተማ ውስጥ ፊሊጶስ የሚባል የታወቀ ቧንቧ ሠራተኛ አለ» ብሏቸው ነበር ሰው።

«አውቀዋለሁ፤ ዲሲፕሊን የለውም» አሉ።

ያውቁታል። ፊሊጶስ የእሳቸው መምሪያ ሠራተኛ ነበር፤ ጉድጓድ የሚወርደው ጭቁን እሱ ነበር። አንድ ቀን «ባዶ ነው» የተባለ ጉድጓድ ውስጥ ውረድ ሲባል፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ በእንጨት ልንካው» አለ። «ሪፖርቱን እንመን ወይስ እንጨትህን?» አሉት። ወረደ። እስከ ደረቱ ገባ። በማግሥቱ የሥራ ልብስ አበላሽተሃል ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ፊርማው የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሰኞ ዕለት ባየሽ የባስ ነጂ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ጓሮ መጣች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ሶልያናን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ። መልስ ሰጪው እኔ አይደለሁ?»

«ነዎት። ግን ይሄ ሽታ ካልቆመ ወንበሩንም ትሬለሩንም ይርሱት። በማግሥቱ ጎታች መኪና ኮል አደርጋለሁ። ቀልድ አይደለም።»

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደቱ ጫማዬ ሥር ደርሷል እኮ ጋሼ!»

ሽማግሌ የተላከበት ቤት ተቀምጦ የሚመልስ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። የልጅቷ አባት ሽርሽር ላይ ነው። ከዘመድ የቀሩት ትልቅ ሰው አቶ ሥዩም ብቻ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያገኙት ብቸኛ ሥልጣን ያ ወንበር ነው፤ ያላቸው ብቸኛ ጣሪያ ደግሞ ያ ትሬለር ነው። ሁለቱም በአንዲት ጎሚኒ ላይ ተንጠለጠሉ።

ሐሙስ የመምጠጫ መኪናው ተራ ነበር። አቶ ሥዩም ግን ግድግዳው ላይ ያለችውን መጠቆሚያ ተጫኑ፤ «ባዶ» የምትለው አረንጓዴ መብራት በራች። ባዶ ከሆነ ምን ያስመጣል? ኮል አድርገው «አትምጡ» አሉ። የመጠቆሚያዋ ሽቦ ከተበጠሰ ዓመት ሆኖታል፤ ታንከሩ ቢሞላም ቢጎድልም ባዶ ትላለች። ልክ እንደ ድሮ ሠራተኞቻቸው፣ አለቃ መስማት የሚወደውን አሳምራ ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዓርብ የገዟትን አዲስ ቫልቭና መፍቻ ይዘው ወጡ። ለሽምግልናው የለበሱትን ሙሉ ሱፍ አላወለቁም፤ አምስት ደቂቃ ለማይፈጅ ሥራ ማን ልብስ ይቀይራል? ካርቶን አነጠፉና በጀርባቸው ትሬለሩ ሥር ገቡ። ሙሽራዋ ሶልያና ስልኳን ይዛ መጣች።

«አንክል፣ ቪዲዮው ፈርስት ታንኩ ባዶ መሆኑን ቼክ አድርጉ ይላል።»

«ቼክ ተደርጓል። መብራቱ በርቷል።»

«ኦኬ፣ ግን በእንጨት ምናምን ነካ አድርጉት ይላል እኮ።»

ከትሬለሩ ሥር መፍቻው ብሎን ላይ ሲሰካ ተሰማ።

«ልጄ፣ እኔ መምሪያ ነው የመራሁት» አሉ።

ሶልያና የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ሳይፈተሽ የሚፈታ ነገር አትወድም። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ብሎኖቹ አራት ናቸው። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ሲላላ ጉንጫቸው ላይ የሆነ ነገር ጠብ አለ። «ቅሪት ነው» አሉ፤ በሪፖርት ቋንቋ። አራተኛውን ፈቱና ቫልቯን ሳብ አደረጉ።

የአሥራ ስድስት ቀን ሥዩም በሥዩም ላይ ወረደ። በሱፉ፣ በከረባቱ፣ በኪሱ፣ ደረት ኪስ ላይ በተሰካችው እስክሪብቶ። መጮህ ፈልገው ነበር፤ አፍ መክፈት እንደማያዋጣ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዱ። ከስብሰባ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ከሥር ተንፏቀው ሲወጡ የአጥሩ በር ተንኳኳ።

ሦስት ሽማግሌዎች። መካከለኛው ፊሊጶስ።

ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በሩ ላይ ቆሙ። በዚያ ሽታ መካከል ሌላ እንግዳ ቢሆን ይመለስ ነበር፤ እነዚህ ግን በወግ ታስረዋል። ባየሽ ከቤት ወጣች፣ አጎቷን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «ነገ ጎታች መኪና እጠራለሁ!» አለች።

ፊሊጶስ ኮቱን አውልቆ አጠገቡ ላለው ሽማግሌ ሰጠ። «ጓንት አለሽ እህቴ?» አለ። ካርቶኑን በሌላ ካርቶን ሸፍኖ ገባ፣ አዲሷን ቫልቭ ከነጎሚኒዋ አስገባ፣ አራቱን ብሎን አጠበቀ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ታንከሩ አሁን በእርግጥ ባዶ ስለነበር ሥራው ቀላል ነበር። ታጥቦ ኮቱን ለበሰና ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ። አቶ ሥዩም አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር፤ ሶልያና በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከሩቅ እየረጨቻቸው።

«መላሹ ማን ነው?» አለ ፊሊጶስ።

ባየሽ ወደ አጥሩ ጥግ አየች። «አባትም አጎትም እኔ ነኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ልጅሽን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ።»

ሁለቱ ተቀመጡ። ፊሊጶስ ቆሞ ቀረ።

«ሌላ ጉዳይ አለኝ። ነገ ጎታች መኪና እንደምትጠሪ በር ላይ ሆነን ስትዪ ሰምቻለሁ። እኚህን ሰው ተዪልኝ። እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም።»

አቶ ሥዩም ከጥግ ሆነው «የማንም ምልጃ አያስፈልገኝም!» አሉ። ውሃው አፋቸው ውስጥ ገባ፤ የተሰማው ግማሹ ነው።

ባየሽ ብዙ አሰበች። የሽማግሌ ቃል አንዱን ተቀብሎ አንዱን መመለስ ያስነውራል። «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለች።

«እኔ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ከተመጠጠ በኋላ፣ ታንከሩን ነክተው ለእኔ ኮል ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ካልደወሉ ጎትቺው።»

«ተቀመጥ ወንድሜ።»

አቶ ሥዩም እዚያው ይኖራሉ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አሁንም የራሳቸው መግቢያ ያለው ቤት አላቸው። በሠርጉ ላይ ስምንተኛው ጠረጴዛ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ መምጠጫ መኪናው ከሄደ በኋላ ስልኩን ያነሳሉ።

«ሄሎ፣ ሥዩም ነኝ። ባዶ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጌታዬ» ይላል ፊሊጶስ፤ እንደ ድሮው በአክብሮት። «በእንጨት ነክተውታል?»

አቶ ሥዩም ስልኩን ሳይዘጉ ያስቀምጡና እንጨታቸውን ፍለጋ በዝናብ ይወጣሉ።