እመቤቲቱ የሸፈነችው ቁልፍ

በቬራክሩስ ቆላ ባለው ስኳር ፋብሪካ ኤቫሪስቶ ሌዴስማን የማያውቅ የለም፤ ራሱ እየዞረ ሲያስተዋውቅ ማን ሳያውቀው ይቀራል? ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ክፍል አለቃ ነው። «ማይስትሮ»፣ ማለትም የሙያው ጌታ፣ ካላሉት አቤት አይልም። ስሕተት በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ አይቷል እንጂ በራሱ ላይ ደርሶበት አያውቅም።

ታዲያ ይሄን የመሰለ ሰው ላይ አንድ ሞተር ሦስት ዓመት አላገጠበት። የቦይለሩን ትልቅ ማራገቢያ የሚያዞር፣ ቀስታና ፈጣን የሚባል ሁለት ፍጥነት ያለው ሞተር ነው። ሊነሣ ሲል የፋብሪካው መብራት ይደበዝዛል፤ ማዶ ያለችው መጠጥ ቤት፣ ካንቲናዋ፣ አምፖሏ ይርገበገባል፤ ከዚያ ብሬከሩ ጧ ብሎ ኃይሉን ይቆርጣል፤ «ጣለ» ይሉታል። አሥር ጊዜ ሞክረው አንዱ ቢሳካ ነው። ኤቫሪስቶ መጀመሪያ የመብራት መሥሪያ ቤቱን ሰደበ፤ ቀጥሎ እርጥበቱን። ብሬከሩን በትልቅ ቀየረ፤ ትልቁንም ከሱ በባሰ ቀየረ። ሞተሩን አስፈትቶ ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለለ። ቀስታው የት ገባ የሚል ሰው ሲመጣ፣ «የኛ ፋብሪካ የሚዳክር አይደለም» ብሎ ያባርረዋል።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ሳልሴዶ ጠሩት። «አገዳው መፈጨት በሚጀምርበት ቀን እንግዳ ፊት ከጣለ፣ የክፍሉን በር ቁልፎች አስረክበው ጡረታ ይወጣሉ።»

ቀኑ ደረሰ፤ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶቹ ጋር መጥተዋል። እንደ ልማዱ ቄሱ መጥተው በየማሽኑ ጠበል ይረጫሉ፤ ደግሞ ጠበል ላይ እጃቸው አይሰስትም። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፊት ዶኛ ክሬሴንሲያ፣ ማለትም ወይዘሮ ክሬሴንሲያ፣ ቆማለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ይሄን ሞተር ያስነሣች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ ከጎኑ የካንዴላሪያ እመቤት የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል በብሎን ታስራለች። ሠራተኛው ሁሉ ተሳልሟት ያልፋል። ኤቫሪስቶም ሻማ አብርቶላት፣ «እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ» አላት።

ክሬሴንሲያ አረንጓዴውን ተጫነች። መብራቱ ደበዘዘ፤ ጧ።

«እርጥበት ነው» አለ ኤቫሪስቶ፣ ላብ እያጠመቀው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ ዶኛ?»

«እኔማ ቁልፍ ተጫኚ ነኝ፤ ምን እላለሁ? ግን ይሄ ሞተር ከሮጠ በኋላ ምንም አይልም፤ ሲነሣ ነው የሚጥለው። በቀስታው ተነሥቶ ነበር ወደ ፈጣኑ ማለፍ ያለበት። ከቆመበት ሩጥ ሲሉት ያን ሁሉ አምፔር ቢጎትት ምን ይፈረድበታል?»

«ታዲያ በቀስታው ለምን አታስነሡትም?»

«የቀስታው ቁልፍ ከእመቤታችን ሥር ነው።»

«ሥዕል አይነካም፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ኤቫሪስቶ።

«ሁለቴ ስነግርዎት ይሄንኑ ነው ያሉኝ፣ ማይስትሮ። አርፈሽ የታዘዝሽውን ተጫኚ ብለውኛል።»

ቄሱ አማተቡና ራሳቸው ሥዕሉን ፈቱት። እውነትም ቁልፉ ሥሩ ቁጭ ብሏል። ሥዕሉን ገልበጥ ሲያደርጉት ከጀርባው ጽሑፍ አገኙ፤ ጸሎት መስሏቸው ጮክ ብለው አነበቡት። «ይህ ቁልፍ ጠበል ገብቶበት ዝጓል። እስኪቀየር ድረስ እንዳይነካ። ማይስትሮ ኤቫሪስቶ ሌዴስማ።» ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። በሥዕሉ ጀርባ ጽፎ ቁልፉ ላይ አሰረውና ረሳው፤ ሰውየው ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲሳለም የኖረው የገዛ ራሱን ማስጠንቀቂያ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ቁልፉን እኔ አምና ከኋላ በኩል አስቀይሬዋለሁ» አለች ክሬሴንሲያ። «ሥዕሏን ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ ማን ደፍሮ ይንካ?»

ቀስታውን ተጫነች፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ተነሣ። ፈጣኑን አስከተለች። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ሥራ አስኪያጁ ለኤቫሪስቶ እጃቸውን ዘረጉ፤ የክፍሉን በር ቁልፎች ተቀብለው ለክሬሴንሲያ ሰጧት።

አሁን ኤቫሪስቶ ካንቲናዋ ውስጥ ይውላል። እመቤቲቱ ከሰሌዳው ከወረደች ወዲህ የፋብሪካው በረከት ሄደ እያለ ለሰማው ሁሉ ይምላል። ሰሚዎቹ ከአናቱ በላይ ያለውን አምፖል ቀና ብለው ያያሉ። አገዳው ተፈጭቶ እስኪያልቅ አንድ ቀን እንኳ አልተርገበገበም።