የወተት ጥርስ ቢሆንም

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ጠቆሩ። እኔ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ስለነበር፣ ቀን ቀን የምትውለው ሳጃና ሰፈር፣ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ከሚኖሩ አንዲት የወሎ ሴት ዘንድ ነበር። በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ እማማ ነበር የምላቸው።

«የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል፣ ሌላ ይበቅላል» አሉኝ። ደስ እያለኝ አመንኳቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ድዷ አብጦ፣ ከንፈሯ ተነፍቶ ተነሳች። «ሱኑኒ ወጅዓኒ» እያለች ታለቅሳለች። ጥርሴን አመመኝ ለማለት እንኳ ቀድሞ የሚመጣላት ዐረብኛው ነው። ማዳሜን አስፈቅጄ፣ በሪክሻ ዐማራት ሰፈር ወደሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። አፏን በመብራት ካየች በኋላ «ቀን ስትተኛ ምን ትጠጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለሰችው ራሷ ልጄ ናት፤ «ሻይ ብለበን፣ በጡጦ።» ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ እየጠባች እንደምትተኛ ያወቅኩት ያኔ ነው። የገዛ ልጄ ምን እንደምትጠጣ አለማወቄ አንገበገበኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «አንዱ አይተርፍም፤ ይነቀላል። ሌሎቹን እሞላቸዋለሁ። ይወድቃሉ ብለሽ ችላ አትበያቸው፤ እስከ ጊዜያቸው ሳትታመም ልትበላባቸው ይገባል። እስከ ሰባት ስምንት ዓመቷም የምትቦርሺላት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ጥርሷ ሲነቀል ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ስንመለስ በቀጥታ እማማ ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጡጦ የለም።»

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት?»

«እኔም አላወቅኩም ነበር። አሁን ግን አወቅን።»

«ስታለቅስብኝስ?»

«ውሃ በኩባያ ይስጧት። ካለቀሰችም ታልቅስ።»

ተቀየሙኝ። ሁለት ቀን ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መለሱልኝ። ጡጦውን ግን ከነክዳኑ አውጥተው ሰጡኝ፤ ጣልኩት።

የከበደው ብሩሹ ነበር። ሥራ ከመሄዴ በፊት ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል የጥርስ ሳሙና ብሩሹ ላይ አደርጋለሁ። አፏን ግጥም ታደርገዋለች። ስታለቅስ ሲከፈት እቦርሻለሁ። አንድ ቀን ጣቴን ነክሳ አደማችኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ጨረስኩላት። አውቶቡስ አምልጦኝ ማዳም የተቆጣችባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ ሳልቦርሽላት የወጣሁበት ቀን ግን አልነበረም።

ወር ሲሞላ እማማ መፋቂያቸውን ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር። ልጄ እሳቸውን እያየች አፏን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ለመቦረሽ እሷን መያዝ አላስፈለገኝም።

የተሞሉት ጥርሶች ምንም ሳያሟት ቆዩ። ሰባት ዓመት ሊሞላት ሲል የመጀመሪያው በራሱ ጊዜ ተነቃነቀ፤ ራሷ በጣቷ አውጥታ፣ እየሳቀች መዳፌ ላይ አኖረችው።