ለፋሲካ የመጣው አውራ ዶሮ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ አንዴ ጠርቶ ተዘጋ። መልሼ ስደውል የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መጽሔት የምታዘጋጀው እህት ናት። «ስለ ዶሮዎቹ የጻፍሽው ይወጣል! ግን በጣም አሳጥረሽዋል፣ ምን እንደሆኑ በደንብ ጻፊው» አለችኝ። ለካ ጮኼያለሁ፣ የማታቱው ረዳት «ሲስታ፣ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሎተሪማ ምን አላት! አሳጥረሽዋል ከተባልኩ እንግዲህ ላስረዝመው።

እዚህ ኬንያ፣ ላቪንግተን ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ አሥራ አንድ ዶሮ ነበረን። አሥሩ የእናቴ፣ አንዷ የእኔ። የእኔዋ ገብስማ ነበረች። ከጫጩትነቷ በእጄ ያሳደግኳት፣ ከትምህርት ቤት ስገባ የጫማዬን ክር እየጎተተች የምትቀበለኝ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ከኢስትሊ ገበያ ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ። በበዓል ሳምንት ገበያ ላይ የሚቀረው ላባና አጥንት ነው ባይ ነው። «ይሄ ዶሮ አይደለም፣ ሻለቃ ነው!» አለ ከመኪናው እያወረደው። እናቴ ደግሞ «ሻለቃህን አርቀህ እሰርልኝ፣ ከምን ጋር እንደዋለ አናውቅም» አለችው። አቮካዶው ሥር በሲባጎ ታሰረ። አባቴም በማግስቱ ለሥራ ቱርካና ሄደ።

አውራ ዶሮው ብቻውን ቆሞ ሌሎቹን ሲያይ አንጀቴን በላው። እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ፈታሁት፤ ሳትመጣ መልሼ አሰርኩት። ማንም አላየኝም። ያን ቀን ሲያስነጥሰው አቧራ መስሎኝ «ይማርህ» አልኩት።

መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። ከዚያ የእናቴ ዶሮዎች ጀመሩ። ክንፋቸው ይወርዳል፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ አንገታቸው ይጠመዘዛል። እናቴ አንድ ጊዜ አየችና «ፈንግል ነው» አለች።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ምን ይደረጋል፣ የኔ እናት።»

እንዲያም ብላ አላስቻላትም፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ በጠበጠች። እኔ ምንቃር እከፍታለሁ፣ እሷ በማንኪያ ታንቆረቁራለች። ጠጡ። ሞቱ።

ከአጥሩ ማዶ ብዙ ዶሮ ያላቸው ኬንያዊት ጎረቤታችን፣ ማማ የምንላቸው፣ አንገታቸውን አስግገው አዩን። «ፖሌ፣ ፖሌ» አሉ፣ አይዟችሁ ማለታቸው ነው። «ሳይሞቱ እረዷቸው እንጂ!»

«ጾም ላይ ነን፣ ማን ይበላዋል?» አለች እናቴ።

«ለሌላ ሰው ስጡ።»

«በሽተኛ ዶሮ ለሰው? ኧረ እግዜር ያየኛል!»

ማማ ግራ ገብቷቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

በማግስቱ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ሻጩ «ለታመመ ምንም የለኝም። ያለኝ ክትባት ነው፣ እሱም ለጤነኛ» አለኝ። ክትባቱን እናቴ ከገና በፊት ጠይቃ ነበር። አንዱ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ነው፣ ከተከፈተ አያድርም ሲሏት፣ «አሥር ዶሮ ይዤ የመቶ ክትባት?» ብላ ተመለሰች።

«አውራ ዶሮው ባይፈታ ኖሮስ?» አልኩት ሰውዬውን።

«ምናልባት። ግን በሽታው በጫማም ይገባል።»

ያቺን «ምናልባት» እያብሰለሰልኩ ቤት ደረስኩ።

ገብስማዋ ገና አልታመመችም ነበር። ካርቶን ውስጥ አድርጌ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ለየኋት። ሳልታጠብ አልነካትም። ሐሙስ ጥሬዋን ሳትበላ ቀረች። ዓርብ አንገቷ ዞረ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ባቃናው ተመልሶ ይዞራል፣ ባቃናው ይዞራል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ተያት፣ ትረፍ» አለች። ላድናት አልችል፣ ላሳርፋት አልችል፤ ቤታችን ባርኮ የሚያርደው አባቴ ነው፣ እሱ ደግሞ ቱርካና። ከሰዓት ላይ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ እጄ ላይ ከበደችኝ። አቮካዶው ሥር ከሌሎቹ ጎን ቀበርናት። አንድም አልተረፈልንም።

እማዬ፣ ይህን ስታነቢ ታውቂያለሽ። የፈታሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አፌ እንቢ ብሎኝ ነው፣ በእስክሪብቶ ግን ወጣልኝ።

ከማማ ዶሮዎች አንድም አልሞተም፣ አስቀድመው አስከትበዋል። ይህ መጽሔት በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ የክትባት ብልቃጥ ይከፍታሉ። የእሳቸው ዶሮ ሠላሳም አይሞላ፣ የተረፈው ይደፋል። «ለሰዎችሽ ንገሪ» ብለውኛል። ስለዚህ ዶሮ ያላችሁ ሁሉ ኑ፣ አንድም ብትሆን። ዶሮዋን ግን አታምጧት፤ በረዶ የሞላ ፔርሙስ ይዛችሁ ኑ፣ ድርሻችሁን ይሰጧችኋል። ጫማችሁን እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቁ። ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ጥቁር በሮች ጎን ለጎን ናቸው። ዶሮ የማይጮኽበት ግቢ የእኛ ነው። የሚጮኽበትን አንኳኩ።