እናቱን ይዘህ ና

መርሳ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ባለው ሙዚቃ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ተፈራ መጀመሪያ ያሳዩኝ መቅጃውን ሳይሆን መደርደሪያውን ነው። «ላይ ያሉት እናቶች ናቸው፤ ታች ያሉት ልጆች። እናትና ልጅ እንዳታምታቺ» አሉኝ። ሕፃን ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ የወጣሁ ሴት ነኝና ዞሬ ወደ በሩ አየሁ። በኋላ ሲያስረዱኝ ገባኝ። እዚያ ቤት መጀመሪያ የተቀዳው ዋናው ካሴት «እናት» ይባላል፤ ከሱ የሚባዛው «ልጅ» ነው።

ከአምስተኛ ክፍል ያቆምሁ ብሆንም ሥራው ብዙ ማንበብ አይጠይቅም። ጆሮና ጥንቃቄ ይበቃዋል። ጠዋት የመቅጃውን ሄድ፣ ክሩ እየነካው የሚያልፈውን ብረት፣ በአልኮል በነከርሁት ጥጥ እጠርጋለሁ። የላላውን ካሴት በእስክሪብቶ አጠነጥናለሁ። እናት ካሴት ከገባ ደግሞ ከጀርባው ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች እሰብራለሁ፤ ጥርሱ ከተሰበረ ማንም ተሳስቶ አይቀዳበትም። እኔ ሰብሬ፣ በጣቴ ዳስሼ፣ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥሁት በኋላ ደግሞ ተመልሼ አያለሁ። ጋሽ ተፈራ «ዘነቡ፣ አንቺስ ጥርስ ሐኪም ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር» ይሉኛል።

ያን ጊዜ ከማል የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ገና ጎረምሳ ነው። አሮጌ ኦርጋን ገዝቶ፣ ራሱ ጠግኖ፣ እናቱ ቤት አምባሰልና ትዝታ እየዘፈነ ይቀዳል። መስኮቱን በፍራሽ ይዘጋል፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፣ ማይክሮፎኑን ከጣሪያው ወራጅ በገመድ ያንጠለጥላል። ከበሮ መቺ የለውም። ኦርጋኑ ላይ ካሉት የፈረንጅ ምቶች ለእኛ ትከሻ የሚሆን ስላልነበረ፣ ሁለት ቁልፎች ባንዴ እየተጫነ አንድ የሚያነክስ ምት አወጣ። ያ ምት ሲሰማ ሰው ሳያስበው ትከሻው ይነሣ ነበር።

አንድ ቀን የቀዳውን እንድናባዛለት ይዞ መጣ። ጋሽ ተፈራ ትንሽ ሰሙና ካሴቱን አወጡት። «ይሄ የልጅ ልጅ ነው፤ ድምፁ አርጅቷል። ሂድና እናቱን ይዘህ ና» አሉት።

ከማል እንግዳ ነው፤ የቤቱን ቋንቋ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ እናቱን ይዞ መጣ።

እማማ ዘሀራ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አሳምረው ገቡ። «አሰላሙ አለይኩም። ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ ገና ከበሩ። «ትምህርት ቤት ሳለም እንዲሁ እየተጠራሁ ነው ያስተማርሁት። ከዚያ ኦርጋን ጋር ከተዋወቀ ወዲህ ደግሞ ሰው መስማት ትቷል። ያጠፋውን ንገሩኝና እኔ እመክረዋለሁ።»

ጋሽ ተፈራ ሳቅ ይዟቸው መናገር አቃታቸው። እኔ «እማማ፣ የካሴቱን እናት ነው ያሉት» አልኋቸው።

«ካሴት ደግሞ እናት አለው?»

«አለው።»

«ያረቢ። ታዲያ እኔን ምን አስለበሳችሁኝ?»

ከማል ሮጦ ሄዶ ዋናውን አመጣ። እሳቸው እንደ ተቀመጡ ከፈትነው። አምባሰሉ እየፈሰሰ መሃል ላይ ሲደርስ፣ ከብርድ ልብሱ ማዶ የአንዲት ሴት ድምፅ «ከማል፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አለ።

«ማናት ይቺ?» አሉ እማማ ዘሀራ።

«እርስዎ ነዎት።»

ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው አወረዱት። «አውጡኝ። አገር ሊስቅብኝ ነው።»

ያን ጊዜ ድምፅን ከድምፅ ለይተን የምናወጣበት መሣሪያ አልነበረንም። ካሴቱ እንዳለ ተባዛ። አገሩም ሳቀ። እዚህ አጠገባችን ግራና ከተማ ሠርግ ላይ ጎረምሶች ትከሻቸውን እየነቀነቁ፣ ቦታው ሲደርስ ሁሉም ባንድ አፍ «ምሳህ ቀዘቀዘ» ይላሉ። ሱቃችን የሚመጣ ሰው የዘፋኙን ስም አይጠራም። «ምሳህ ቀዘቀዘን ስጪኝ» ነው የሚለኝ።

እማማ ዘሀራ በየገበያው ቀን ብቅ ይሉ ነበር። «ዘነቡ፣ ዛሬም አላወጣሽኝም?»

«አላወጣሁዎትም እማማ።»

«አላህ ይይልሽ።» እንዲህ ብለው ደግሞ ከዘንቢላቸው ሁለት ሎሚ ይሰጡኛል።

ዓመታት አልፈው ኮምፒውተር ሲገባልን ጋሽ ተፈራ ያንን አምባሰል አስጸዱት። የክሩ ሹክሹክታ ጠፋ፣ ከጓሮ አብሮ የተቀዳው የዶሮ ጩኸት ጠፋ፣ እማማም ወጡ። እኔ ደስ አለኝ፤ ጥሩ ሥራ መሰለኝ። ሰው ግን እየመለሰ አመጣው። «ይሄ የታጠበ ነው፤ ያልታጠበውን ስጪኝ» ይላል። አንድ ከሐራ ከተማ የመጣ ሹፌር የጸዳውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ይሄ ሆቴል ነው፤ ያ ቤት ነው» አለኝ። ያልታጠበውን በሚሞሪ ጭኜለት ሄደ። ጋሽ ተፈራ ለጡረታ ወልድያ ሲገቡ ሱቁ ለእኔ ቀረ፤ የጸዳውን የሚጠይቅ ግን አልመጣም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከማል የድምፅ ማጉያ ሊገዛ ደሴ እንደ ሄደ መንገዱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክም ጠፋ። እማማ ዘሀራ ጉልበታቸው አልሄድ ስላለ አልሸሽም አሉ። እኔ መሸሹም መቅረቱም እኩል የሚያስፈራኝ ሴት ነኝ። እሳቸውን ጥሎ መሄድ ግን አልሆነልኝም፤ ወደ እኔ ግቢ አመጣኋቸው። ከሱቁ ያወጣሁት እናቶቹን ብቻ ነው፤ በሽሮ ቆርቆሮ አድርጌ ጓዳ ደበቅኋቸው። ኮምፒውተሩን እዚያው ተውሁት፤ ተወሰደ።

ስለ ከማል የሚነግረን ሰው ጠፋ። እማማ ዘሀራ አይጠይቁም። ሰግደው ሲጨርሱ ብቻ ረዘም አድርገው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ «ዘነቡ፣ ያቺን ካሴት አሰሚኝ» አሉኝ።

«አውጪኝ ሲሉኝ ኖረው?»

«እኔን ማን ፈለገኝ? እሱን ነው የምሰማው።»

ፈራሁ። ቴፔ አሮጌ ነው፤ ካሴት ይበላል። የከማል ድምፅ ያለበት ደግሞ በእጃችን ያ አንዱ ብቻ ነው። ቢበላውና እሱም ባይመለስ ለእማማ ምን እሰጣቸዋለሁ? «ነገ» አልኋቸው። በነጋታው ደግሞ ጠየቁኝ።

የቴፑን ባትሪ ድንጋዮች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሞቅኋቸው፤ ትንሽ ጉልበት እንዲያገኙ ጎናቸውን በጥርሴ ነከስ ነከስ አደረግሁ። ሄዱን ጠረግሁ። መጀመሪያ ሌላ ካሴት አስገብቼ ሞከርሁ፤ አልበላም። ከዚያ እናቱን አስገባሁ። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ቴፑንም እኛንም ጋቢ ውስጥ ከተትሁ።

ድንጋዩ ደካማ ስለሆነ ዘፈኑ ተጎተተ፤ የከማል ድምፅ ወፈረ። «ልጄን አሸመገልሽው» አሉ እማማ። ጋቢ ውስጥ ሆነን ሳቅን።

ቦታው ሲደርስ እጄን ያዙኝ። «ምሳህ ቀዘቀዘ» የሚለው አለፈ። «አሁን ስሚ» አሉኝ። ከኦርጋኑ ሥር፣ ካፉ ሳይወጣ የቀረ ያህል በቀስታ፣ ከማል «እሺ፣ መጣሁ» አለ።

ያንን ካሴት ስንት ጊዜ እንዳባዛሁት አላውቅም። ይህንን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ የማየው የመቅጃውን መርፌ ነው፤ ድምፁ እንዳይበዛ፣ እንዳያንስ።

«ሁልጊዜ ይሰሙት ነበር?»

«እኔን ነዋ የመለሰልኝ። መጣሁ ይላል፤ እሱ እስኪመጣ ምሳው እራት ይሆናል። መቅረት ግን ቀርቶ አያውቅም።»

እንዲህ እያሉ ሳለ ቴፑ ጎረሰ። ቶሎ አጠፋሁት። የተጠቀለለውን ክር በክብሪት እንጨት ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ ጥፍሬ ላይ አስተኝቼ አሻሸሁት፣ በእስክሪብቶ መለስሁት። አልተበጠሰም። እማማ ዘሀራ ጋቢውን ገልጠው ብርሃን ያዙልኝ። ካሴቱን ቆርቆሮው ውስጥ መልሼ ስከድን፣ «በቃ፣ ሰምቻለሁ። ካሴቱ ከዚያ አይውጣ» አሉኝ።

መንገዱ ሲከፈት ከማል ዱቄት በጫነ መኪና ላይ ተቀምጦ መጣ። ፊቱም ጢሙም ነጭ ሆኖ እናቱ አላወቁትም ነበር። ካወቁት በኋላ ትከሻውን እየደጋገሙ መቱት፤ ዱቄቱን እያራገፉ ነው ብለን እንድናስብላቸው ነው። እኔ ዞር አልሁ።

በኋላ ሱቁ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ከማል ራሱ ካሴቱን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ቴፑ የጎረሰው ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ ይንተባተባል። «ይህቺን እንኳ እናስተካክላት፤ እማማንም እግረ መንገዳችንን እናውጣቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት ነው» አለኝ።

እማማ ዘሀራ በር ላይ ነበሩ። «ማን ለመነህ አንተን?» አሉት።

እንዳለ ገለበጥነው። አሁን በየስልኩ የሚዞረው እሱ ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሰው ቤቱ የቀዳውን ሲያመጣላችሁ መጀመሪያ እንዳለ ገልብጡና አስቀምጡ። የሚወጣ ነገር አለ ካላችሁ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ባለቤቱን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አብራችሁ ስሙት።